«ብርድ ነው» የተባለው ህመም

በዚህ ዕትም የጤና ትምህርት ገጻችን የምናነሳው ጉዳይ ሴት ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ በክበባት የጥያቄ ሳጥን ደጋግመው የሚልኩት፣ ወንድ ተማሪዎች ደግሞ «እኛን አይመለከትም» ብለው የሚያልፉት ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ «ማህፀኔን ከተጠረግሁ ሳምንታት አልፈዋል፤ ከእምብርቴ በታች ያለው ህመም ግን አልተወኝም። ምን ይሆን?» ወንዶችም እስከ መጨረሻው እንድታነቡ አደራ እላለሁ። ለምን እንደሆነ መሃል ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ የደጋ ጤና ጣቢያ ሲሆን አሁን በጎንደር ከተማ እሠራለሁ። በሁለቱም ቦታ ይህንን ህመም ይዘው የሚመጡ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ነው የሚመጡት። በአገራችን ህመም ስም አያጣምና። ከወገብ በታች ያመማት ሴት «ብርድ ገብቷት ነው» ትባላለች። ትኩሳት ከተጨመረበት «ምች መታት» ይባላል። ደባርቅ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ብርዱን መጠርጠር አያስገርምም። ጥር ወር ላይ በጠዋት ውሃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ይበርዳታል። ይሁን እንጂ ብርድ ማህፀን ውስጥ ገብቶ አያቆስልም። የሚያቆስሉት በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በጋለ ድንጋይም በጭስም አይወጡም።

«መጠረግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ህመሙን ለመረዳት መጀመሪያ ህክምናውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከታወቁ እርግዝናዎች ውስጥ ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑት ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይጨነግፋሉ። በባዮሎጂ ክፍል ስለ ክሮሞዞም ተምራችኋል አይደል? በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሚያጋጥም መጨንገፍ ዋነኛው ምክንያት ፅንሱ ሲጀመር የሚፈጠር የክሮሞዞም ጉድለት ነው። ስለዚህ «ሾተላይ አለባት»፣ «ቡዳ በላት»፣ «ከባድ ስለተሸከመች ነው» እያሉ እናቲቱን መውቀስ ኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው።

ፅንሱ ሲወርድ አንዳንዴ ከፅንሱ ወይም ከእንግዴ ልጁ የተወሰነው ማህፀን ውስጥ ይቀራል። ያ ቅሪት ካልወጣ ደሙ አይቆምም፣ ለጀርምም ምቹ ምግብ ይሆናል። በኪኒን እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል፤ አለበለዚያ ይጠረጋል። ባለሙያው ለአካባቢው ማደንዘዣ ሰጥቶ በማህፀን በር በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባል። ቱቦው በእጅ ከሚሠራ፣ ትልቅ መርፌ ከሚመስል መምጠጫ ጋር ይያያዝና ቅሪቱን ስቦ ያወጣል። ሥራው ራሱ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠነ ነርስ ወይም አዋላጅ ይሠራል። ቀድሞ የነበረው ማህፀንን በብረት መሣሪያ መፋቅ ሲሆን፣ የበለጠ ስለሚያቆስል የዓለም ጤና ድርጅት በመምጠጫው እንዲተካ ይመክራል። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም «መጥረግ» ነው የሚላቸው። ቃሉ ራሱ ያስፈራል፤ ማህፀን በመጥረጊያ የሚጠረግ የሚመስላቸው ልጆች አጋጥመውኛል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የማህፀን በር በተለመደው ጊዜ ጠባብ ነው፤ ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽም እንደ ቡሽ ይዘጋዋል። ከውጪ ያለው ጀርም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ተፈጥሮ ያበጀችው ዘበኛ ነው። ፅንስ ሲወርድም ሆነ ማህፀን ሲጠረግ ይህ በር ይከፈታል፣ ዘበኛውም ለጥቂት ቀናት ከቦታው ይጠፋል። ውስጡ ደግሞ ገና ያልደረቀ ቁስል አለ። ለዚህ ነው ደሙ እስኪቆም ድረስ ግንኙነት ማድረግ፣ ወደ ውስጥ ጨርቅ ማስገባት፣ ውስጥን በውሃም ሆነ በሌላ ነገር ማጠብ የሚከለከለው። ገላን መታጠብ ግን አይከለከልም፤ በንጹህ ውሃና ሳሙና ከውጪ መታጠብ እንዲያውም ጥሩ ነው። ሞዴስ የሌላት ንጹህ፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጨርቅ ትጠቀም። ጨርቁን አፍራ ከአልጋ ሥር ደብቃ እርጥቡን ካደረቀችው ግን ሌላ ጣጣ ታመጣለች።

ህመሙ ሊማሊሞን መውረድ አለበት

ታዲያ ከህክምናው በኋላ ያለ ህመም ሁሉ አስጊ ነው? ኧረ አይደለም! ማህፀን ጡንቻ ነው። ባዶ ሲሆን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ይጨመታተራል፤ ይህም እንደ ወር አበባ ቁርጠት ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመም መኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ ባለሙያ ያዘዘው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ያስታግሰዋል። ደሙም እንደ ወር አበባ ሆኖ እየቀነሰ እስከ ሁለት ሳምንት ነጠብ ነጠብ ሊል ይችላል። የወር አበባ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል። እርግዝና ግን ከዚያ በፊት፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንኳ ሊፈጠር ይችላል። ብዙዎች ይህንን አያውቁም።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው መመዘኛ አንድ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው ሊማሊሞን ያውቀዋል። መኪናው ቀስ ይላል፣ ይታጠፋል፣ አንዳንዴ የቆመ ይመስላል፤ ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። የመዳን ህመምም እንደዚያ ነው። ዛሬ ከትናንት ባይሻል እንኳ የዛሬ ሳምንቱ ካለፈው ሳምንት መሻል አለበት። ቁልቁለቱን ይዞ የነበረ ህመም ተመልሶ ዳገት ከጀመረ፣ ቀኑ ስንትም ይሁን ስንት፣ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ነው።

ከህመሙ ጋር ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ራስን መሳት ወይም ያለማቋረጥ ማስመለስ ከተጨመረ ደግሞ ነገን መጠበቅ የለም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በመኪናም በቃሬዛም መሄድ ያስፈልጋል። ከማህፀን ተነስቶ በደም ውስጥ የተሰራጨ ጀርም በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

አንዲት ተማሪ

ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ግን ትቼዋለሁ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ባለትዳር። እንደ ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ከጓደኛዋ ጋር ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በሶና ድርቆሽ ከቤት እየተላከላት ትማር ነበር። ባሏ ክረምቱን መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርም፣ ቀጥሎም ሲያጭድ ቆይቶ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ወዲያው አረገዘች። ጥምቀት ሰሞን ደም ፈሰሳት፣ ፅንሱ ጨነገፈ፣ ማህፀኗም ተጠረገ። በአራተኛው ቀን ህመሙ እንደለቀቃት፣ ደሙም እንደቀነሰ ነገረችኝ። «ድኜ ነበር እኮ ሲስተር» ነው ያለችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከእምብርቷ በታች በሁለቱም ጎን ጠቅ ጠቅ ያደርጋት ጀመር። በሳምንቱ ለክትትል ተመለሽ ተብላ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ስለተሻላት፣ ቀጥሎም ወደ ገጠር ለማገገም ስለሄደች ቀረች። አክስቷ በደግነት ያላደረገችላት ነገር የለም። የጋለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዷ ላይ አደረገችላት። ፌጦ በጥብጣ አጠጣቻት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲያንዘፈዝፋት «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት። ቀጥሎ ወይባ ታጠነች። አንድ ዘመድ ደግሞ ለሌላ በሽታ ታዞለት የተረፈውን አሞክሳሲሊን ሰጣት፤ ሁለት ቀን ውጣ ቀለል ሲላት ተወችው። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። በግማሽ የተወሰደ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል ምልክቱን ብቻ ያዳፍናል፤ እሳት በአመድ እንደ ማልበስ ነው።

በሃያ ስድስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ወገቧን አጥፋ ነበር የምትራመደው። ትኩሳቷ 38.6 ነው። ከእምብርቷ በታች ስነካት እጄን ይዛ ገፋችኝ፤ በምርመራ ጊዜም የማህፀን በሯ ሲነካ ህመሙ ከአልጋው አስነሳት። አልትራሳውንድ ታየ፣ የቀረ ነገር የለም። ጠራጊው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ጀርሙ ከየት መጣ?

መልሱን ያገኘነው ከሁለት ቀን በኋላ ባሏ ሲመጣ ነው። መተማ ሳለ ሽንቱን ያቃጥለው እንደነበር፣ ከሱቅ የገዛውን ኪኒን ውጦ «እንደጠፋለት» ነገረን። እዚህ ላይ ነው ወንዶች ጉዳዩ የእናንተም መሆኑ የሚገባችሁ። እሱ ላይ የጠፋ የመሰለው በሽታ እሷ የማህፀን በር ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ተቀምጦ ነበር። በሩ ሲከፈት ወደ ላይ ወጣ።

ወደ ላይ የወጣው ጀርም ምን ያደርጋል?

ክላሚዲያና ጨብጥ የተባሉት የአባለዘር በሽታዎች በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የላቸውም፤ በተለይ ክላሚዲያ ዝምተኛ ነው። ከማህፀን በር አልፈው ወደ ማህፀን፣ ከዚያም እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ሲደርሱ በመላው የማህፀን አካባቢ ቁጣ ይነሳል። የቱቦው ውስጠኛ ክፍል ስፒል ብቻ የሚያስገባ ያህል ጠባብ ነው። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ቱቦውን ያጠባል ወይም ይዘጋዋል፣ አንጀትንና ማህፀንን እርስ በርስ ያጣብቃል። ጀርሙ ከሞተ በኋላ እንኳ ህመሙ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የወር አበባ ሲመጣ፣ ጀሪካን ሲሸከሙ፣ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚጎትት ህመም። ከስድስት ወር በላይ ከዘለቀ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል።

በስዊድን አገር ሉንድ ከተማ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለና በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ይህ ቁጣ አንድ ጊዜ ካጋጠማቸው 100 ሴቶች 8ቱ ቱቧቸው ተዘግቶ መካን ሆኑ። ሁለት ጊዜ ካጋጠማቸው 20 ገደማ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካጋጠማቸው 40። ከዚያው ጥናት በተወሰደ ሌላ ትንተና፣ ህመሙ ከጀመረ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቆይተው የታከሙት መካን የመሆን ወይም ከማህፀን ውጪ የማርገዝ ዕድላቸው ቶሎ ከታከሙት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ሦስት ቀን! የኛ ልጅ ስንት ቀን እንደቆየች ቁጠሩት። ከዘጠነኛው እስከ ሃያ ስድስተኛው፣ አሥራ ሰባት ቀን ነው። ልጅ መውለድ የትዳር ማሠሪያ ተደርጎ በሚታይበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

ሁሉም ጀርም ከባል ይመጣል ማለቴ ግን አይደለም። ያልጸዳ እጅና መሣሪያም ያመጣዋል። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሴሜልቫይስ የተባለ ሐኪም በአንድ የማዋለጃ ክፍል ከመቶ እናቶች እስከ አሥራ ስምንት በወር ውስጥ ሲሞቱ አይቶ፣ ሐኪሞቹ አስከሬን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ሞቱ በሁለት ወር ጊዜ ከመቶ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ያኔ ጀርም የሚባል ነገር ገና በወጉ አይታወቅም ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቹም አልተቀበሉትም። ዛሬ በየጤና ተቋማችን መሣሪያው የሚቀቀለው፣ ጓንት የሚጠለቀው ለዚህ ነው። በየጓዳው በእንጨት፣ በሥር፣ በሽቦ የሚደረግ ውርጃ ደግሞ ያን የቪየና ክፍል ወደ ቤት መመለስ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ልጆች ህጉን ስለሚፈሩ ከነህመማቸው ይደበቃሉ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ህግ በአንቀጽ 551 ውርጃ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ልጅቷ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለዚያም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ካልተዘጋጀች ይፈቀዳል። ከውርጃ በኋላ ላለ ህመም የሚሰጥ ህክምና ግን ለማንኛዋም ሴት ነው፤ ጽንሱ እንዴት እንደወረደ መጀመሪያ አስረጂ ተብላ አትመለስም። ተገድዳ የተደፈረች ልጅ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ታገኛለች፤ ቶሎ በደረሰች ቁጥር ይሻላል።

ከኤችአይቪ ጋር ምን አገናኘው?

ይህ መጽሔት የኤችአይቪ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ «የማህፀን ህመም እዚህ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። የአባለዘር በሽታ ባለበት ቦታ ቆዳው ይላላል፣ ይቆስላል። ሰውነት ደግሞ ጀርሙን ለመዋጋት ነጭ የደም ሴሎችን ወደዚያ ያዘምታል። ኤችአይቪ የሚይዘው እነዚያኑ ሴሎች ነው። በሩ ተከፍቶ፣ የሚፈልገውም ተሰብስቦ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ጨብጥም ሆነ ክላሚዲያ በመጣበት መንገድ ኤችአይቪም ይመጣል። ቫይረሱ በደሟ ያለባትና መድኃኒት ያልጀመረች ሴት ደግሞ የማህፀን አካባቢ ቁጣው መግል ወደ መቋጠር የመሄድ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ለዚህ ነው ለዚህ ህመም የመጣችን ሴት ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ እንድታደርግ የምንጠይቀው። ልጅቷ «እኔን ጠረጠርሽኝ?» ብላ አለቀሰች። «የኔ እህት፣ ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ለሁሉም የምናደርገው ነው» አልኳት። ውጤቷ ነጻ ሆነ፤ ነገር ግን ቫይረሱ በቅርቡ ገብቶ ከሆነ ምርመራው ላያሳየው ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ እንድትመለስ ቀጠሮ ያዝን። ለባሏም እንዲሁ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣልና፣ ውጤቱ ሌላ ቢሆን ኖሮም የሚቀጥለው እርምጃ ያው ህክምና ነበር።

ስለ ጠበል አንድ ነገር ልበል፤ ልጅቷም ጠይቃኛለች። ጠበል አትጠመቂ ያላት የለም፣ እኔም አላልኳትም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም የኤችአይቪ መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ይህም ከዚያ አይለይም። ቁስሉ ገና ሳይደርቅ ግን ጠበሉን ወደ ውስጥ ማስገባት አይገባም፤ በላይ መጠመቅና መጠጣት ይበቃል። ወይባው ላይ ግን ጥብቅ ነኝ፦ ቁስል ላይ ጭስና ትኩስ ፍም አይጠጋም፤ ትኩሳት ያለባት ሴትም አትታጠንም።

ህክምናውና ቀጣዩ

የተሰጣት አንድ መርፌና ለ14 ቀናት የሚዋጡ ሁለት ዓይነት ኪኒኖች ናቸው። ስማቸውንና መጠናቸውን እዚህ የማልዘረዝረው አንዳችሁ ከሱቅ ገዝታችሁ እንዳትውጡ ነው። ለርጉዝ የማይሆኑ፣ ከአልኮል ጋር የማይስማሙ አሉባቸው። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ እንድትታይ ተደረገ፤ በሦስት ቀን ያልተሻላት ሴት ሆስፒታል ትተኛለች። እሷ ትኩሳቷ በሁለተኛው ቀን ወረደ፣ ቀጥ ብላም መራመድ ጀመረች። ባሏ ምንም ሳያመው ታከመ፤ ሁለቱም መድኃኒታቸውን ጨርሰው እስኪድኑ ግንኙነት እንዲያቆሙ ተነገራቸው። ባል ካልታከመ እኮ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ እንደ ኳስ ይጫወትባቸዋል። መጀመሪያ «ወንድ ልጅ ለሴት በሽታ ምን ያደርጋል?» ብሎ አሻፈረኝ ብሎ ነበር፤ የተስማማው የእሷን ሳይሆን የራሱን የሽንት ቃጠሎ ስናነሳበት ነው።

ህመሙ ግን በ14 ቀን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አራት ወር ያህል የወር አበባዋ ሲመጣና ከባድ ነገር ስታነሳ ከግራ ጎኗ ይጎትታት ነበር። በየወሩ እየቀነሰ ስለሄደ፣ ትኩሳትና ሽታም ስላልነበረው፣ ሌላ መድኃኒት አልጨመርንላትም። ቁልቁለት ላይ ነበር። ቱቧ ጠባሳ ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ወደፊት መውለድ ስትፈልግ ነው። የሦስት ወሩ የኤችአይቪ ምርመራ ለሁለቱም ነጻ ሆኖ ተገኝቷል። ትምህርቷን ለመጨረስ ስለፈለገች በክንድ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ ወሰደች። ባሏ በቀጣዩ ክረምት መተማ ሲወርድ ኮንዶም ይዞ እንደሄደ የነገረችኝ እሷው ናት፤ እየሳቀች።

ከመጠረግ በኋላ የሚዘልቅ ህመም ሁሉ ከአባለዘር በሽታ ነው ብላችሁ ደግሞ የታመመች ጓደኛችሁን እንዳታሙ። ማህፀን ውስጥ የቀረ ቅሪት፣ በመሣሪያ የደረሰ ጉዳት፣ የሽንት ፊኛ ቁጣ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሳይታወቅ ከማህፀን ውጪ የቀጠለ እርግዝና ተመሳሳይ ህመም ያመጣሉ። ኀዘንና ፍርሃትም የሆድና የወገብ ጡንቻን አጨማደው ህመሙን ያራዝሙታል፤ ይህንንም ደጋግሜ አይቻለሁ። ሌሎች ትንንሽ የማህፀን ህክምናዎችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ለምሳሌ የማህፀን በር ካንሰር እንዳይመጣ ቅድመ ምልክቱ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት የታከመላት ሴት እስከ አንድ ወር ድረስ ውሃ መሰል ፈሳሽ ሊኖራት ይችላል፤ ሽታና ትኩሳት ከሌለው አያሰጋም። ሉፕ ያስገባችም በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁርጠት ሊሰማት ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ነው፤ ጎረቤትም እኔም በወሬ አንለየውም።

ከሩቅ ለምትኖሩ

በየዳ ወይም ጃናሞራ ያለች ልጅ ጎንደር ድረስ መምጣት አይጠበቅባትም። በቀበሌዋ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴት ናት፣ የአገሩ ልጅ ናት፤ ትኩሳት ትለካለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካለፈ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። ብዙ ልጆች «ካርድ ክፍል ሰው ፊት ምን ብዬ ልናገር?» ይሉኛል። ካርድ ክፍል «ሆዴን ያመኛል» ማለት ይበቃል። ውስጥ ስትገቡ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ መቼ እንደተጠረጋችሁ፣ ህመሙ በስንተኛው ቀን እንደተመለሰ፣ ምን ምን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ፣ የአገር ቤቱንም ጭምር፣ ሳትደብቁ ንገሩ። ቀኑን የምትረሱ ከሆነ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ ያች ተማሪ በእርሳስ ጽፋ ያመጣችው የቀን ቁጥር ከአልትራሳውንዱ ባላነሰ ነው የረዳን።